ለአጥንት የሚላክ ትእዛዝ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያቀና መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ጫኖን ያገኛል። በቀኙ የአባያ ሐይቅ፣ በግራው ወደ ጨንቻና ዶርዜ የሚያወጣው ተራራ፣ በመካከሉ የሙዝና የማንጎ ማሳ አለ። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ጫልባና ጫኖ ዶርጋ በገበያ የሚታወቁት በሙዛቸው ነው፤ በሕክምና መጽሔቶች ግን የጫኖ ስም የሚነሣው ከወባ ጋር ነው። ይህ ትረካ ከዚያ ወባ ተነሥቶ ወደ አጥንት ይሄዳል። ወባ ደም እንደሚያሳጣ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ከበሽታ ጋር እንደሚዋጉ፣ አጥንት በካልሲየም እንደሚጠነክር ሁሉም ሰው ለየብቻ ሰምቷል። ሦስቱ አንድ ታሪክ መሆናቸው እስኪገለጥ ግን ከ140 ዓመት በላይ ወስዷል። ዓመቶቹ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1873፦ ሁለት ግኝቶች በአንድ ዓመት

በ1873 ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ሕዋስ ሊቅ አልበርት ፎን ኮሊከር፣ በጀርመኗ ቩርትስቡርግ ሆኖ ስለ አጥንት መሸርሸር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በአጉሊ መነጽር ሲያይ፣ በአጥንት ገጽ ላይ በተቦረቦሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ግዙፍና ብዙ አስኳል ያላቸው ሕዋሳት ተቀምጠው አገኛቸው። ጉድጓዱን የሚቆፍሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው አለና ኦስቲዮክላስት ብሎ ሰየማቸው። እኛ እዚህ አጥንት ሸርሻሪ እንበላቸው።

አሠራራቸው በዝርዝር የታወቀው ከረጅም ጊዜ በኋላ ቢሆንም አሁን መናገሩ ይጠቅማል። ሸርሻሪው ሕዋስ አጥንቱ ላይ ይለጠፋል፤ ዙሪያውን አጥብቆ ይዘጋል፤ በተዘጋው ክፍተት ውስጥ አሲድ ይረጫል። አሲዱ ማዕድኑን ያሟሟል፣ ካልሲየሙም ወደ ደም ይገባል። ቀጥሎ የሚረጨው ኢንዛይም ደግሞ የቀረውን የፕሮቲን ድርና ማግ ይበጣጥሳል። በጤነኛ ሰው ዘንድ ይህ የዘወትር ሥራ ነው፤ አንዱ ሲያፈርስ ሌላው፣ አጥንት ገንቢው ሕዋስ፣ ይሠራል። የአዋቂ ሰው አጥንት በየዓመቱ አንድ አሥረኛው ያህል በዚህ መንገድ ይታደሳል።

በዚያው 1873፣ በኖርዌይዋ ወደብ በርገን፣ ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን የሚባል ሐኪም ከሥጋ ደዌ ሕመምተኞች በወሰደው ናሙና ውስጥ የበሽታውን ባክቴሪያ አየ። በጊዜው ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኝ ነገር አልነበረም። ይሁንና ሥጋ ደዌ የአፍንጫን አጥንት የሚያሳሳ፣ የጣትን አጥንት ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ ነው፤ አንዱ ሸርሻሪውን አገኘ፣ ሌላው ሸርሻሪውን ከሚያነሣሡት በሽታዎች አንዱን። የሐንሰን ስም ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በአዲስ አበባ አንድ ተቋም በር ላይ ይጻፋል።

ከ1909 እስከ 1958፦ ሁሉም ዕጢ ዕጢ ሲል

አጥንት ቆሞ የሚያቆመን ምሰሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን ጎተራም ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ አንድ ኪሎ ገደማ ካልሲየም አለ፤ ከዚህ 99 በመቶው ያለው በአጥንትና በጥርስ ነው። የቀረችው ጥቂት ካልሲየም ልብን ታስመታለች፣ ጡንቻን ታኮማትራለች፣ የነርቭን መልእክት ታስተላልፋለች። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም አካባቢ መቆየት አለበት። ከዚያ ሲያንስ ጡንቻ ይሸማቀቃል፤ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልብ ምት ይዛባል። ሰውነት ደሙ ጎደለ በተባለ ቁጥር ከጎተራው ይቀዳል።

እንዲቀዳ የሚያዝዘውን ለማግኘት የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ በ1909 በጆንስ ሆፕኪንስ ተወሰደ። ዊልያም ማካለምና ካርል ፎግትሊን በአንገት ላይ ያሉት ጥቃቅን የፓራታይሮይድ ዕጢዎች የወጡላቸው ውሾች እንደሚንቀጠቀጡ፣ ካልሲየም ሲሰጣቸው ግን እንደሚረጋጉ አሳዩ። በ1925 ጄምስ ኮሊፕ የዕጢውን ጭማቂ አዘጋጅቶ የደም ካልሲየምን ከፍ አደረገበት። በ1948 ደግሞ እንግሊዛዊው ናይጄል ባርኒኮት ዕጢውን ራሱን ከአይጥ የራስ ቅል አጥንት ጎን ተከለው፤ ዕጢው የነካው አጥንት ተሸረሸረ። ትእዛዙ ከዕጢ ይመጣል፣ አለቀ። የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት በዚህ ረክተው ለአሥርተ ዓመታት ተቀመጡ።

በዚህ የማይብራራ ነገር ግን በየሆስፒታሉ ይታይ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪን በልቶ ሰውን እንደሚያጎብጥ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 ጽፎታል። ሪህ የያዘው መገጣጠሚያ አጠገቡ ያለው አጥንት ይቦረቦራል። በ1939 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ሃረልና ፊሸር፣ ሳርኮይዶሲስ የሚባለው፣ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ያለ አግባብ የሚቆጣበት በሽታ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ሆኖ አገኙት። እነዚህ ሁሉ ሕመምተኞች የሚጋሩት ነገር ቢኖር የተቆጣ የመከላከያ ሥርዓት ነው። ያንን ከአጥንት ጋር አያይዞ የጠየቀ ግን አልነበረም። የአጥንት ሐኪም ለአጥንት፣ የደም ሐኪም ለደም፤ ሁሉም በየቤቱ ነበር።

ወደ ጫኖ አካባቢ እንመለስ። የዚያ አገር ነዋሪ የጋሞ ሕዝብ በዚህ ዘመን አብዛኛው የሚኖረው በደጋ ነበር። ቆላው ለም ነው፤ ነገር ግን ወባው ያስፈራል። ስጋቱ ከንቱ እንዳልሆነ በ1958 አገሪቱ በሙሉ አየችው፤ በዚያ ዓመት የተነሣው ወረርሽኝ ወባ ወደማይለመድበት ወይና ደጋ ሳይቀር ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፣ 150 ሺህ ያህሉን ገደለ። በዓመቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ በየጎጆው ግድግዳ ላይ ተረጨ። በ1960ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሰው ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ከትንኟ ጋርም ጎረቤት ሆነ።

ከ1965 እስከ 1974፦ ከጥርስ የተነሣ ጥያቄ

ከዚህ ሁሉ ዘመን አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። መጀመሪያ መለኪያ ተገኘ። አሜሪካዊው ሐኪም ሎውረንስ ራይዝ ያረገዘችን አይጥ ጨረር አመንጪ የሆነውን ካልሲየም-45 ይወጋታል፤ ካልሲየሙ በፅንሶቹ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ትንንሾቹን የክንድ አጥንቶች አውጥቶ በሳህን ላይ በምግብ ፈሳሽ ያቆያቸዋል። አጥንቱ ከተሸረሸረ ካልሲየም-45 ወደ ፈሳሹ ይወጣል፤ ፈሳሹን በጨረር ቆጣሪ መለካት ነው እንግዲህ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተዘጋጀው ይህ ዘዴ «ከአጥንት ካልሲየም የሚያስወጣው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ሳህን ላይ መጠየቅ የሚቻል አደረገው።

ጥያቄውን ያነሡት ደግሞ የጥርስ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጥርስ ምርምር ተቋም የሚሠሩት ጆን ሆርተንና ባልደረቦቹ ያስቸገራቸው የድድ በሽታ ነበር። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ድድን ያስቆጣል፤ ከስሩ ያለው የመንጋጋ አጥንት ይጎድላል፤ ጥርስ ይነቃነቃል። (መፋቂያ ይዘው ያደጉ ሰዎች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል።) ቆሻሻው አጥንቱን አይነካውም፤ የሚነካው ድዱን ነው። ታዲያ አጥንቱን ማን ነገረው?

ሆርተን ከሰው ደም ነጭ ሕዋሳትን ለይቶ ከዚሁ የጥርስ ቆሻሻ ጋር አቆያቸው። ሕዋሳቱ ተቆጡ። ከዚያ ሕዋሳቱን አውጥቶ ፈሳሹን ብቻ በራይዝ የአጥንት ሳህን ላይ ጨመረ። ካልሲየም-45 ጎረፈ፤ በአጥንቱም ላይ ሸርሻሪ ሕዋሳት በዙ። ዕጢ የለም፣ ባክቴሪያ የለም፣ ነጭ ሕዋሳቱም እንኳ የሉም፤ ያለው ከእነሱ የወጣ አንድ የማይታይ ነገር ነው። ውጤቱ በ1972 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ያንን ነገር «ኦስቲዮክላስት አነሣሽ» አሉት፤ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ያገኘው ስም የሥራው ብቻ ነው። በ1974 ግሪጎሪ መንዲና ራይዝ በመቅኔ ካንሰር፣ በመልቲፕል ማይሎማ፣ የታመሙ ሰዎች ሕዋሳት ይህንኑ የመሰለ ነገር እንደሚያመነጩ አሳዩ። የማይሎማ ሕመምተኛ አጥንቱ ለምን በቀላሉ እንደሚሰበርና ደሙ ለምን በካልሲየም እንደሚጥለቀለቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍንጭ ተገኘ።

እነዚህ ሙከራዎች ሲካሄዱ አዲስ አበባም አልተኛችም። የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ሕክምና ማዕከሉ አለርት በ1965 ተቋቁሞ ነበር፤ በ1970 ከጎኑ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ የሠሩት ኖርዌያውያኑ ቶሬ ጉዳልና ቢዮርን ሚርቫንግ የኢትዮጵያውያን ሕመምተኞችን ነጭ ሕዋሳት ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር አቆይተው ምላሻቸውን ለኩ። በአንዳንዱ ሕመምተኛ ሕዋሳቱ በኃይል ይነሣሉ፤ በሽታው በመላ ገላው በተሠራጨው ላይ ግን ዝም ይላሉ። ከተጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ የተቆጡ ሕዋሳት የሚያመነጩት ነገር የሌሎችን ሕዋሳት እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚገታ የሚያይ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የጥርስ ተቋምም ሆነ በአለርት ግቢ የሚፈለገው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ሕዋስ ለሕዋስ የሚልከው መልእክት። የአዲስ አበባው ወደ ቆዳና ነርቭ፣ የአሜሪካው ወደ አጥንት አተኮረ እንጂ።

ከ1973 እስከ 1986፦ መልእክተኛው ስም ሲወጣለት

በ1973 ዶናልድ ዎከር አንድ እንግዳ ሙከራ አደረገ። ሸርሻሪ ሕዋሳታቸው ስለማይሠራ አጥንታቸው እንደ ድንጋይ የደደረ አይጦች ነበሩት። የታመመውን አይጥ ከጤነኛ ወንድሙ ጋር ቆዳ ለቆዳ ሰፍቶ ደማቸውን አገናኘ፤ የታመመው ዳነ። በ1975 የመቅኔና የጣፊያ ሕዋሳት ብቻ ቢሰጡም በሽታው እንደሚድን አሳየ። ትርጉሙ ከባድ ነው፦ አጥንት ሸርሻሪው የአጥንት ልጅ አይደለም። የሚወለደው በመቅኔ ውስጥ፣ በሽታን ከሚዋጡት ነጭ ሕዋሳት ቤተሰብ ነው። የመከላከያው ሥርዓት ትእዛዝ የሚሰማውም ለዚህ ነው፤ የገዛ ዘመዱ ነውና።

በዚህ መሐል መልእክተኞቹ እየበዙ ነበር። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ያገኘውን ሁሉ በራሱ ስም ይጠራ ስለነበር ግራ መጋባቱ ልክ አልነበረውም። በ1979 በስዊዘርላንዷ ኤርማቲንገን የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች በነጭ ሕዋሳት መካከል የሚላላኩትን ፕሮቲኖች ኢንተርሉኪን ብለው ቁጥር ሊሰጧቸው ተስማሙ። ዛሬ መላው ቤተሰብ ሳይቶካይን ይባላል።

በ1983 ማክሲን ጎወንና ባልደረቦቿ ኢንተርሉኪን-1ን የመሰለ ነገር አጥንትን እንደሚያሸረሽር በኔቸር መጽሔት አስታወቁ። በ1985 በቦስተን የፎርሳይዝ የጥርስ ማዕከል ፍሎይድ ዲውኸርስት የሆርተንን ምስጢራዊ ነገር እስከ መጨረሻው አጣርቶ ሲያየው ራሱ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ሆኖ ተገኘ። ከ13 ዓመት በኋላ ስም የለሹ ስም አገኘ። በ1986 ዶናልድ በርቶሊኒና መንዲ ቲኤንኤፍ የሚባለውም ይህንኑ እንደሚያደርግ ጨመሩ። ሁለቱም ትኩሳት የሚያስነሡ፣ በወባም በነቀርሳም ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዙ ፕሮቲኖች ናቸው።

በነቀርሳና በሳርኮይዶሲስ ሌላ መንገድም ተገኘ። በ1983 ጆን አዳምስ ከሳርኮይዶሲስ ሕመምተኞች ሳንባ የወሰዳቸው ነጭ ሕዋሳት ቫይታሚን ዲን ራሳቸው ወደ ኃይለኛው መልኩ እንደሚለውጡት አሳየ። ይህ በተለምዶ የኩላሊት ሥራ ነው፤ ኩላሊት ደግሞ መጠኑን ያውቃል። ነጭ ሕዋሳቱ ግን ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባለው መልእክተኛ እየተነሣሡ ያለ ልጓም ያመርታሉ፤ ካልሲየምም ከአንጀትና ከአጥንት ወደ ደም ይጎርፋል። የ1939ኙ እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ።

ከ1981 እስከ 2000፦ የመጨረሻው በር

ኢንተርሉኪን-1ና ቲኤንኤፍ ታወቁ፤ ሆኖም አንድ ነገር አልገጥም አለ። ለየብቻቸው በተቀመጡ ሸርሻሪዎች ላይ እነዚህን ፕሮቲኖች ሲጨምሩባቸው ብዙ ለውጥ አይታይም። ጌዲዮን ሮዳንና ጃክ ማርቲን ቀደም ብለው በ1981 ያቀረቡት ሐሳብ ብዙዎችን አስገርሟል፦ ትእዛዙን የሚቀበለው ገንቢው ሕዋስ ነው፤ ሸርሻሪውን የሚጠራውም እሱ ነው አሉ። አፍራሹን የሚቀጥረው ግንበኛው መሆኑ ነው። ቶኪዮ ላይ ታትሱኦ ሱዳና ተባባሪዎቹ በ1988 ሁለቱን ሕዋሳት በአንድ ሳህን አኑረው አረጋገጡት፤ ከገንቢው ጋር ሳይነካኩ ሸርሻሪዎች አይወለዱም። የቀረው በገንቢው ገላ ላይ ያለውን የመጥሪያ ፕሮቲን መያዝ ነበር።

መጨረሻው የተገኘው በተቃራኒው በኩል ነው። በ1997 የአሜሪካው አምጀን ኩባንያ አንድ ፕሮቲን በብዛት የሚያመርቱ አይጦችን ሲፈጥር አጥንታቸው ጠንክሮ ደደረ፤ ፕሮቲኑን ኦስቲዮፕሮቴጀሪን፣ አጥንት ጠባቂ፣ አሉት። በዚያው ሰሞን ይህንኑ ፕሮቲን ጃፓን ውስጥ ያገኘው ስኖው ብራንድ ነው፤ ወተትና ቅቤ የሚሸጥ ኩባንያ። ለአጥንታችን ወተት ጠጡ የሚለን ድርጅት የካልሲየምን በር ቁልፍ ማግኘቱ ያስደስታል። ጠባቂው የሚይዘውን ሲፈልጉ ሁለቱም ኩባንያዎች በ1998 የመጥሪያውን ፕሮቲን አገኙ። ዛሬ ራንክ-ኤል ይባላል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠ። ይህ ፕሮቲን አዲስ አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ዮንግዎን ቾይና በሲያትል የኢሚውኔክስ ተመራማሪዎች በመከላከያ ሕዋሳት ላይ አግኝተውት የተለያየ ስም ሰጥተውት ነበር፤ ስለ አጥንት አላሰቡም እንጂ። በ1999 የዮሴፍ ፔኒንገር ቡድን ራንክ-ኤል የሌላቸው አይጦች አጥንታቸው ደድሮ፣ ጥርሳቸው ሳይወጣ፣ የሊምፍ ዕጢም ሳይኖራቸው እንደሚያድጉ አሳየ። አንዱ ዘረመል ሲጠፋ አጥንትም መከላከያም ይታወካሉ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሙያዎች በየቤታቸው ሊኖሩ አልቻሉም።

አሁን ሥዕሉ ተሟላ። ኢንተርሉኪን-1፣ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-6 ገንቢው ሕዋስ ራንክ-ኤልን እንዲያበዛ ያደርጉታል፤ ቲ-ሕዋሳት የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ሲነሣሡ ራሳቸውም ራንክ-ኤል ይይዛሉ። ሸርሻሪ ለመሆን የተዘጋጀው ወጣት ሕዋስ ይህን ሲነካ ከመሰሎቹ ጋር ተዋሕዶ ግዙፉን ሸርሻሪ ይሆናል። ጠባቂው ፕሮቲን በመካከል ገብቶ ራንክ-ኤልን ከያዘው በሩ አይከፈትም። በ2000 ሂሮሺ ታካያናጊ መልእክተኞቹ ሁሉ አንድ ወገን እንዳልሆኑ አሳየ፦ ኢንተርፌሮን ጋማ በራንክ-ኤል የተጀመረውን ሥራ ከውስጥ ይሰብረዋል። ያው ኢንተርፌሮን ጋማ በነቀርሳ ጊዜ ቫይታሚን ዲን እያስመረተ ካልሲየም ያስጎርፋል። አንድን ሳይቶካይን «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ብሎ መፈረጅ የማይቻለው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት አሮንና ቾይ ለአዲሱ ሙያ ኦስቲዮኢሚዩኖሎጂ የሚል ስም አወጡለት።

እስከ 2010፦ እሳት የነካቸው ሕፃናት

እውቀቱ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ሲመጣ ሁሌም ቀጥ ያለ አልሆነም። በቴክሳስ ጋልቬስተን ጎርደን ክላይንና ባልደረቦቹ በቃጠሎ ሰፊ የገላቸው ክፍል የተጎዳ ሕፃናትን ሲከታተሉ አጥንታቸው እየመነመነ አገኙት። ቆዳው ሲቃጠል ኢንተርሉኪን-1ና ኢንተርሉኪን-6 በደም ውስጥ ይጥለቀለቃሉ፤ አጥንትም ይሸረሸራል። እንዲህ ከሆነ የደም ካልሲየም ሊበዛ ይገባው ነበር። ሕፃናቱ ላይ ግን አነሰ፤ ፓራታይሮይድ ዕጢያቸውም ዝም አለ።

መልሱ የተገኘው ከዕጢው ነው። በ2000 በተቃጠሉ በጎች ላይ በተሠራ ጥናት በዕጢው ላይ ያለው የካልሲየም መለኪያ ተቀባይ በዝቶ ታየ። በሞንትሪያል ካናፍና ሄንዲ በ2005 እና በ2008 ኢንተርሉኪን-1ና ኢንተርሉኪን-6 የዚህን ተቀባይ ዘረመል እንደሚያነሣሡ አሳዩ። መለኪያው ሲበዛ ዕጢው ትንሹን ካልሲየም ብዙ አድርጎ ያያል፣ ሆርሞኑንም ይቀንሳል። ስለዚህ ያው መልእክተኛ በአንድ በኩል አጥንትን ያስከፍታል፤ በሌላ በኩል ዕጢውን ያታልላል። በ1909 የነገሠው ዕጢ ከመቶ ዓመት በኋላ ለነጭ ሕዋሳት ታዛዥ ሆኖ ተገኘ። የክላይን ቡድን በ2005 ፓሚድሮኔት የተባለ ሸርሻሪን የሚያዳክም መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰጣቸው ሕፃናት አጥንታቸው እንደተጠበቀ ዘገበ። ሕፃናት በምድጃና በፈላ ውኃ በሚጎዱባት አገራችን፣ በየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍልም ሆነ በክልል ሆስፒታሎች የቆዳው ሕክምና ሲሰጥ አጥንቱም ሊታሰብ ይገባል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

በ2010 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራንክ-ኤልን የሚይዝ ዴኖሱማብ የተባለ መርፌ ፈቀደ። ከጥርስ ቆሻሻ የጀመረው ፍለጋ መድኃኒት ሆነ።

ከ2009 እስከ 2013፦ ጫኖ በቁጥር

በዚህ ጊዜ ጫኖ ሚሌ በሌላ ዓይነት ምርምር ላይ ነበረች። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው እስክንድር ሎሃና የበርገን ዩኒቨርሲቲው በርንት ሊንትዮርን ከሚያዝያ 2009 እስከ ሚያዝያ 2011 የቀበሌውን ከ8 ሺህ በላይ ነዋሪ በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየጎበኙ የወባን ሕመም መዘገቡ። በርገን ያቺው የሐንሰን ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል። መዝገቡ ያወጣው ነገር ግልጽ ነው፦ ወባ በቀበሌው ውስጥ እኩል አልተሠራጨም፤ ትንኟ ወደምትራባበት የአባያ ዳርቻ የቀረበ ቤት የበለጠ ይታመማል።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲው ፍቃዱ ማሰቦ ደግሞ ትንኟን ራሷን ተከተላት። ጫኖ ላይ ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ ከሰው ይልቅ የከብት ደም ታዘወትራለች፤ ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን ፀረ ተባዮችም ተላምዳለች። በ2013 በታተመው ሙከራው በርና መስኮት በወንፊት ሽቦ ሲሸፈን ቤት ውስጥ የሚገባው የትንኝ ብዛት በ40 በመቶ ቀነሰ። ርካሽ ነው፤ ይሠራል።

ከ2017 ወዲህ፦ ከትኩሳቱ በኋላ

በ2017 ሁለቱ መንገዶች፣ የወባውና የአጥንቱ፣ ተገናኙ። በጃፓን ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የጄቫይር ቾባን ቡድን በሳይንስ ኢሚዩኖሎጂ መጽሔት ያወጣው ጥናት ወባ ይዟቸው የዳኑ አይጦችን አጥንት የመረመረ ነው። ተሕዋሱ ከደማቸው ጠፍቷል፤ አይጦቹ ጤነኛ ይመስላሉ። አጥንታቸው ግን ከወራት በኋላም እየሳሳ ነበር። በወጣት አይጦች ላይ የአጥንት ዕድገት ተጓተተ።

ምክንያቱ በመቅኔ ውስጥ ተገኘ። የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስን ሲበላ ሄሞዞይን የሚባል ጥቁር ቅሪት ይተዋል። ይህ ቅሪትና የተሕዋሱ ሌሎች ፕሮቲኖች ተሕዋሱ ከሞተ በኋላ በመቅኔ ውስጥ ይከማቻሉ። በዚያ ያሉት ወጣት ሸርሻሪዎችና ገንቢዎች ቅሪቱን ይውጡታል፤ ማይዲ-88 በሚባለው የማንቂያ መስመር በኩል የቁጣ ሳይቶካይኖችን ያመርታሉ፤ ራንክ-ኤል ይበዛል፤ በሩ ይከፈታል። ሆርተን በሳህን ላይ ያየው፣ ታካያናጊና ፔኒንገር በዘረመል ያብራሩት ነገር ሁሉ እዚህ በአንድ በሽታ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ቡድኑ ለአይጦቹ አልፋካልሲዶል የተባለ የቫይታሚን ዲ ዘር መድኃኒት ሲሰጥ የአጥንቱ መሳሳት ቆመ።

ይህ የአይጥ ጥናት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወባ በያዘው ቁጥር ቫይታሚን ዲ ገዝቶ መዋጥ ስሕተት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ ራሱ ካልሲየምን ወደ ደም ያጎርፋል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ግኝቱ የሚለው ሌላ ነው። በወባ የሚከፈለው ዋጋ ትኩሳቱ ሲወርድ ላያልቅ ይችላል፤ ደጋግሞ የሚታመም ሕፃን አጥንቱ በሚያድግበት ዕድሜ ደጋግሞ ይከፍላል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በኢትዮጵያ የተመዘገበው የወባ ሕመም በ2019 ወደ 900 ሺህ ዝቅ ብሎ ነበር። ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ግን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ስለዚህ ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጫኖ ሚሌ ላይ ማን መቼ ወባ እንደያዘው በሳምንት ተለይቶ የተመዘገበ ትውልድ አለ፤ ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። በአንድ ከተማ የነጭ ሕዋሳትን መልእክት ከ50 ዓመት በላይ ሲያጠና የኖረ ተቋም አለ፤ በሌላው ከተማ ቀበሌውን በቅርብ የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ። የእነዚያን ወጣቶች አጥንት አብራችሁ ለኩ። እስከዚያው ግን የጫኖ ወላጅ መስኮቱን በወንፊት ይሸፍን፤ ልጁ ካተኮሰውም በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ያድርሰው።